መጀመሪያ ሰማያዊውን አሳዪኝ

ቁሐር ሚካኤል
ኅዳር 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ጥሩብርሃን፣

ሳላውቅሽ ሰላም እልሻለሁ። ደብዳቤሽ ወረታ ስምንት ቀን ተቀምጦ በገበያተኛ እጅ ደረሰኝ። ላዩ ላይ «ለጓድ ገብረ ኪዳን» ይላል። የዘመኑ ወግ ስለሆነ አልፈርድብሽም፤ እዚህ ግን የሚያውቁኝ መሪጌታ እያሉ ነው፤ ጓድ የሚባል ሰው ሲፈለግ ነው የዘገየው።

«የልጅዎ የአድማሴ አስታማሚ ነርስ ነኝ» የሚለውን እንዳየሁ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ባለቤቴ ይታይሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ የምታነበው የኔን ፊት ነው። «ሞቷል?» አለችኝ። ወረድ ብዬ ሳነብ የእማሆይን ውሃ አሠራር እንድነግርሽ ጠይቀሻል። «የሞተ ሰው የሚጠጣ አይለምንም» አልኋት። ያን ዕለት እራታችንን በላን። ወረታ ገበያ ብራና ሊገዛ ወጥቶ ለውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ ካንቺ ደብዳቤ በፊት የደረሰን ወረቀት አንድ ብቻ ነበር።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አድማሴ የእማሆይ ውሃ ያለሽ ጠበል አይደለም፣ መድኃኒትም አይደለም፤ የሎሚ ውሃ ነው። አክስቴ እማሆይ አመተ ሥላሴ ጣና ላይ ካለ ገዳም አንድ ዘር አምጥተው አጥራችን ሥር ተከሉት። ሐረግ ሆኖ ወጣ። አበባው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ስሙን እርሳቸውም አያውቁት፤ እኛ የእማሆይ ሐረግ እንለዋለን። አበባውን በጥቅምት ለቅመን በጥላ እናደርቀዋለን።

ከደረቁ አንድ እፍኝ በዕቃ ታደርጊና ለብቻው የፈላ ውሃ ጨምረሽ ትከድኚዋለሽ። አበባውን አብረሽ እንዳታፈዪው፣ ይመራል። ሲበርድ አጥልለሽ ማር ትበጠብጪበታለሽ። እስከዚህ ድረስ ውሃው ሰማያዊ ነው። ሎሚው የመጨረሻ ነው፤ ጓዳ ጨምቀሽ ይዘሽለት እንዳትሄጂ። እፊቱ ነው የሚጨመቀው። መጀመሪያ ሐምራዊ ይሆናል፣ ቀጥሎ እንደ ጽጌረዳ ይቀላል። ልጄ የሚፈልገው መጠጡን አይደለም፣ ይህችን ነው። ደግሞ ዕቃው በአመድ ታጥቦ እንደሆነ ደጋግመሽ አለቅልቂው። አመድ የነካው ውሃ የቦይ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ሎሚ ብታፈሺበትም እሺ አይልም።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ቀለም ልሞክርበት ባስቀመጥሁት የአበባ ውሃ ላይ ሎሚ ጨመቀበት። ሲቀላ አይቶ «አባባ ተአምር ሠራሁ» እያለ ከቅዳሴ የወጣውን ሕዝብ ሁሉ ጠራብኝ። ብራናዬን ትቼ ለግማሹ ደብር ሎሚ ስጨምቅ ዋልሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ልጄ ቁም ጸሐፊ ነው፤ በጽሕፈት ከኔ ይበልጣል። ታዲያ ደብዳቤውን ለምን አንቺ ጻፍሽው? እጁ ምን ሆኗል? ከገበሬ ማኅበሩ ይለፍ አውጥቼ ልምጣ ወይ?

መሪጌታ ገብረ ኪዳን


አዲስ አበባ
ኅዳር 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

የተከበሩ አባቴ መሪጌታ ገብረ ኪዳን፣

«ጓድ» ስላልኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አድማሴ ሲሰማ ቁስሉን ይዞ ሳቀ፤ ደግመሽ እንዲያ ጻፊለት ብሎ ለምኖኝ ነበር።

በቀጥታ ጠይቀውኛልና በቀጥታ ልመልስ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። በመጀመሪያው ደብዳቤ ያልጻፍኩት እሱ ስለከለከለኝ ነው። አሁን ግን «አባቴ ከጠየቀ ደብቀሽ አትዘልቂውም» አለኝ። በግራ እጁ መጻፍ ጀምሯል። «ሀ» ላይ አንድ ቀን ሙሉ ዋለ። ሲጨርስ አየት አድርጎ «ይህን ይዤ ብሄድ በመቋሚያው ነው የሚለኝ» አለ። ሆዱም ላይ ቁስል አለ፣ ትኩሳት ይመላለስበታል፣ ምግብም ብዙ አይወስድም።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አንብቤለታለሁ። ተአምር ሠራሁ የሚለው ጋ ስደርስ «ሰባት አይደለም፣ ስድስት ዓመቴ ነበር» ብሎ ይቆጣል። ሐረጉ አሁንም አጥሩ ላይ መኖሩን ጠይቂልኝ ብሏል። ኅብረት ሥራው ያስዘራችሁ ሩዝ እንዴት እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋል።

መምጣትዎን ነገርኩት። «እንዲህ ሆኜ አይየኝ። በግራ እጄ ስሜን አሳምሬ ስጽፍ ያን ጊዜ ይምጣ» አለ። እባክዎ አባቴ፣ ለጊዜው ይቆዩ። አበባውን ግን ይላኩልን። ሎሚውን ከወዲሁ ገዝቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ማር ካጣሁ ከቀበሌ የሚደርሰኝ ስኳር አለ። አሠራሩን በቃሌ ስለያዝኩት እፊቱ ደገምኩለት። አንዲት ቦታ ብቻ አረመኝ፤ «መጀመሪያ ሰማያዊውን አሳዪኝ፣ ሎሚው ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ።

ልጅዎ ጥሩብርሃን


ቁሐር ሚካኤል
ታኅሣሥ 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ጥሩብርሃን፣

ደብዳቤሽን ሁለት ቀን ከይታይሽ ሸሸግሁት። ያን እጅ እኔ ነኝ ይዤ ያስጻፍሁት። ብርዑን ሲጨብጥ ትንሿን ጣቱን ወደ ላይ ያነሣ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ስገሥጸው አልተወም። አሁን ያች ጣት ናት የምትታየኝ። አዝኛለሁ ልጄ፤ ያዘንሁ እንዳይመስልሽ ብዬ የምሸፍነው ነገር የለኝም።

ለይታይሽ በሦስተኛው ቀን ነገርኋት። «ነፍሱ አለች?» አለች። አለች አልኋት። «እንግዲያ እኔ አጎርሰዋለሁ» አለችና ወደ ላሟ ሄደች። እዚያ ሆና ስታለቅስ ሰማሁ።

የአበባውን ከረጢት በአዛናው ልኬልሻለሁ። አዛናው የወረታ ልጅ ነው፤ ከጎንደር አዲስ አበባ በጭነት መኪና ይመላለሳል። ነገ ማለዳ ይነሣል። ይታይሽ ዓይኗ እንባ ስለሆነ ከምሰሶው ያወረድሁት እኔ ነኝ። ለአድማሴ እንዲህ በይው፤ ሐረጉ አጥሩን አልፎ የጎረቤታችንን የደብረወርቅን ጣሪያ ይዟል። ሩዙም ደርሷል። ውሃ ውስጥ የሚቆም እህል ምን እህል ነው ብዬ ስሳደብ ነበር፤ ጤፉን ጎርፍ ሲወስደው ቆሞ የቀረው እርሱ ነው። ይህን ሲሰማ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን አለ። «ትኩሳት ይመላለስበታል» ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽ። እኔ ዕድሜዬን መጽሐፍ ስገለብጥ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ጸሐፊ ቸኩሎ ያለፈውን ቦታ አጣውም። ስንት ቀን ሆነው? ይለፉን አውጥቻለሁ፤ በዳዊቴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ና ካልሽኝ እመጣለሁ፤ እርሱ ቢቆጣም ይቆጣ።

ገብረ ኪዳን


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

የተከበሩ አባቴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብን ነበር።

ከረጢቱ ደርሷል። ልክ እንዳዘዙኝ አደረግኩ፤ ዕቃውን አለቀለቅኩ፣ ውሃውን ለብቻው አፈላሁ፣ ከደንኩት። በብርጭቆ አድርጌ መጀመሪያ ሰማያዊውን አሳየሁት። ሎሚውን በግራ እጁ ራሱ ጨመቀው። ቀላ፤ እንዳሉትም መጀመሪያ ሐምራዊ፣ ከዚያ እንደ ጽጌረዳ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ቁስለኞች በሙሉ አጨበጨቡ። እስከ መጨረሻው ጠጣው። «አባባ ተአምር ሠራሁ ብለሽ ጻፊለት» አለኝ።

ትኩሳቱን ጠይቀውኝ ነበር። ትኩሳቱ ለቆታል። አሁን አያመውም።

ወደ ሌላ ማገገሚያ ስለተዛወረ እዚህ ቢመጡ አያገኙትም። የሚመጡበትን ጊዜ እኔ እጽፍልዎታለሁ፤ ደብዳቤው ቢዘገይ እንዳይጨነቁ። ለእማማ ይታይሽ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ጥሩብርሃን


ቁሐር ሚካኤል
ጥር 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ጥሩብርሃን፣

ደብዳቤሽ የገና ዋዜማ ገባ። መልሱን ለመጻፍ እስክችል ድረስ ነው የቆየሁት።

በመጀመሪያ የማታውቂውን ልንገርሽ። አዛናው ከሄደ በሦስተኛው ቀን ይታይሽ ጠላ ልትጠነስስ ጌሾውን ከምሰሶው አወረደች፤ የገብርኤል ጽዋ ተራው የኛ ነበር። ከረጢቱን ስትፈታ ሰማያዊ አበባ ነው። ሁለቱንም ከረጢት የሰፋቻቸው ካንድ አሮጌ ነጠላ ነው፤ ባንድ ችካል ነበር የተሰቀሉት። እኔ በዚህ ዓይኔ ያወረድሁት፣ ለልጄ የላክሁለት፣ ጌሾውን ኖሯል።

ሳቅን። ይታይሽ ምድር ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። «አሁን ምን ይለኝ ይሆን?» አልኋት። «አባባ ሆስፒታሉ ውስጥ ጠላ ልጥመቅ ወይ ይልሃል» አለችኝ። እስክሞት ድረስ የሚቀልድብኝ ነገር ሰጠሁት አልሁ። ትክክለኛውን ከረጢት ወዲያው ልልክ ብዬ ነበር፤ ግን ስድቡን መጀመሪያ ልስማ ብዬ ደብዳቤሽን ጠበቅሁ። እንዲህ በጉጉት የጠበቅሁት ደብዳቤ የለም።

መጣ። ለይታይሽ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። «ቀላ» የሚለው ጋ ስደርስ ማንበብ አቆምሁ። «አንብብ እንጂ» አለችኝ። እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ተነሣችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። አልጮኸችም፣ ጎረቤትም አልጠራችም። ለገና ያቦካችውን ሊጥ ለደብረወርቅ ሰጠቻት።

ጌሾ አይቀላም፣ ልጄ።

አልተቆጣሁሽም ብል እኔም ልዋሽሽ ነው። ሦስት ቀን ተቆጥቼሻለሁ። ሳስበው ግን ልጄን ያጠበሽው፣ ያጎረስሽው አንቺ ነሽ፤ በክፋት እንዳላደረግሽው ይገባኛል። ለምን እንደዋሸሽ አልጠይቅሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ቀኑን ንገሪኝ።

የዚህን አገር ሰው ሁሉ ፍትሐት ስፈታ፣ አርባ ሳወጣ የኖርሁ ሰው ነኝ። የራሴን ልጅ አርባ ከየትኛው ቀን እንደምቆጥር አላውቅም። ለሞቱ ማስረጃ አንድ ከረጢት ጌሾ ይዤ ደብሩን ፍትሐት አድርጉልኝ ብል ማን ይሰማኛል? ዕለቱን ስጪኝ። አርባው አልፎም እንደሆነ አልፏል በዪኝ። በፖስታ የማይጻፍ ከሆነ አዛናው ይጠብቅሻል፤ በእጁ ስጪው።

ገብረ ኪዳን


አዲስ አበባ
ጥር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

አባቴ፣

ታኅሣሥ 8 ቀን ነው፤ ረፋድ ላይ።

ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ማንበብ ቢያቅትዎ እንኳ ቀኑን እንዲያገኙት ነው። አርባው ጥር 17 ይውላል። አዛናው ዛሬውኑ እንዲነሣ ለምኜዋለሁ።

የሆዱ ቁስል አመርቅዞ ነበር። እኔ «ይመላለስበታል» ብዬ የጻፍኩት ትኩሳት ያን ጊዜም አልተመላለሰም፤ ጭራሽ አልለቀቀውም ነበር። ያኔ ይምጡ ብልዎ ኖሮ ይደርሱበት ነበር። እሱ አይየኝ ስላለ አልኩ፤ ግን የሱን ቃል ሰምቼ የእርስዎን ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ይህን በየቀኑ አስበዋለሁ።

ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ውሃውን ጠየቀኝ። ከረጢቱ ገና አልደረሰም። ሎሚና ስኳር በጠበጥኩ፣ ከመድኃኒት ቤታችን የሳል ሽሮፕ ጠብ አድርጌ አቀላሁትና «ይኸው ተኝተህ ሳለ መጣልህ፣ ቀልቷል» አልኩት። ብርጭቆውን አየው። ፈገግ አለ። «መጀመሪያ ሰማያዊውን አሳዪኝ» አለኝ። አልጠጣውም። ከንፈሩን በጥጥ አረጠብኩለት። ከዚያ በኋላ የተናገረው የለም።

አዛናው ከረጢቱን ያመጣው በሞተ በማግስቱ ነው። አልፈታሁትም፤ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ነው የፈታሁት። ጌሾ ነው። ብፈታው ኖሮ አልዋሽም ነበር።

የሞት ነገር ለቤተሰብ የሚነገረው በጦር ክፍሉ በኩል ነው፤ እኛ እንዳንጽፍ ተከልክለናል። ግን በዚያ አላሳብብም። አትናገሪ ተባልኩ እንጂ ቀላ ብለሽ ጻፊ ያለኝ የለም። ወንድሜ የገባበት ከጠፋን ስምንት ዓመታችን ነው። እናቴ አሁንም ልብሱን በየወሩ ታጥባለች። ይመጣል የሚላት ሰው ሲገኝ ፊቷ ይፈካል። ለእርስዎና ለእማማ ይታይሽም ያን ልሰጥ ብዬ ነው። ምን ያህል ክፉ ስጦታ እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ እናቴ ስምንት ዓመት ሙሉ አላለቀሰችም።

የተቀበረበትን አውቀዋለሁ፤ ሲመጡ አሳይዎታለሁ። ፍትሐት ላስደርግ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። አላውቀውም። አፍሬ ተመለስኩ።

ጥሩብርሃን


ቁሐር ሚካኤል
ጥር 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ጥሩብርሃን፣

ወረቀትሽ ጥር 13 ቀን ማታ ገባ፤ በማግስቱ መርዶው ተነገረ። አርባውን በቀኑ አደረስነው። ፍትሐቱን እኔ ልምራ ብዬ ተነሥቼ ነበር፤ ስሙ ጋ ስደርስ አቃተኝና ቄስ አንለይ ተቀበሉኝ። ይታይሽ አለቀሰች። ከገና ወዲህ ድንጋይ ሆና ነበር፤ አሁን እንደ ሰው አለቀሰች። እንዲህ በልልኝ ብላለች፤ «ከንፈሩን ያረጠበች እጅ ትባረክ፤ እናትሽም ልጇን በወጉ ታልቅስ።»

እኔ እንደ ይታይሽ ደግ አይደለሁም። ቀኑን ስትነግሪኝ ቆጠርሁ። አዛናው በሄደ በሦስተኛው ቀን፣ እኛ ጌሾው ላይ ስንስቅ የዋልነው ቀን፣ ታኅሣሥ 8 ነው። ልጄ ነፍሱ ስትወጣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ እስቅ ነበር። ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም። የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው ላንቺ የጻፍሁት፤ ለይታይሽ አልነገርኋትም። እርሷም ቆጥራ ይሆናል፤ አላወጣችውም።

የክርስትና ስሙ ተክለ ማርያም ነው። ወደ እነዚያ ቄስ ተመለሺና ንገሪያቸው። የይለፉ ጊዜ አልፎበታል፤ ከፋሲካ በኋላ ሌላ አውጥቼ እመጣለሁ።

ትክክለኛውን ከረጢት ይኸው። ይታይሽ ፈትታ አሳይታኛለች፣ ጨለማ ነው ብዬ እንዳላሳብብ እጄንም ከትታ አስነክታኛለች። ለልጃችን ያስቀመጥነው ነው፤ ቤት ተቀምጦ እንዲያየን አልፈለግንም። ጌሾውን እዚያው አስቀሪው።

ውሃውን ሥሪው ልጄ። የሆነውን ጻፊልኝ። ካልቀላ አልቀላም በዪኝ። ያልሽኝን አምንሻለሁ።

ገብረ ኪዳን


አዲስ አበባ
የካቲት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

አባቴ፣

ስሙን ለቄሱ ነግሬያቸዋለሁ። እኔ እቆምኩበት ሁለት ጊዜ ጠሩት።

ውሃውን ትናንት ከሰዓት በኋላ ሠራሁት። መጀመሪያ አልቀላም። ድስቱ የክፍላችን ነው፤ በሶዳ ነው የሚታጠበው። አመድ ያሉኝን አስቤ ሶዳውን ረሳሁት። የቦይ አረንጓዴ ሆነ፤ ሁለት ሎሚ ጨመቅኩበት፣ አሁንም እንዳሉት እሺ አላለም። ደፋሁት። ይህን ሳልጽፍልዎ ላልፍ ነበር፤ ግን አምንሻለሁ ስላሉኝ ጻፍኩት።

ሁለተኛውን ራሴ ደጋግሜ ባጠብኩት ብርጭቆ አደረግኩት። ሰማያዊ ሆነ። በዓይኔ አይቼው የማላውቅ ሰማያዊ ነው። ሳልጨምቅበት ብዙ ቆየሁ። አድማሴ ለምን እሱን መጀመሪያ እንደጠየቀኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰማያዊውን ላላየ ሰው ሽሮፕም ቀይ ነው።

አልጋው ላይ አሁን ሌላ ቁስለኛ ተኝቷል። ቀና ብሎ አየና «የማን ነው?» አለኝ። አድማሴ የሚባል ጸሐፊ ነው፣ የክርስትና ስሙ ተክለ ማርያም አልኩት። ክፍሉ ውስጥ ካሉት አንዳንዶቹ ያውቁታል።

ከዚያ ሎሚውን ጨመቅኩት።

ቀላ፣ አባቴ። አይቼዋለሁ።

ልጅዎ ጥሩብርሃን